በ12 ዓመት ልጅ እየተሸነፍኩ ነው፦ ሳይሰሙት ማን እንደሚዘፍን እንዴት ይታወቃል?

የሌሊት ሾፌር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የሥራ ፈት ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳህን አጥቤበታለሁ።

ፎክስ ላይ የወጣውን «አይ ካን ሲ ዩር ቮይስ» የሚባለውን ጨዋታ ያያችሁ አላችሁ? ላላያችሁት፣ ስድስት ማንም የማያውቃቸው ሰዎች መድረክ ላይ ይቆማሉ። አንዳንዱ ድምፁ ማር ነው፤ አንዳንዱ አፉን ከከፈተ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራበታል። ተወዳዳሪው አንዳቸውም በእውነተኛ ድምፃቸው ሲዘፍኑ ሳይሰማ፣ ከመልካቸው፣ ከአቋማቸውና ከሚሰጡት ፍንጭ ተነስቶ የማይችሉትን እየለየ ያስወጣል። አንድ የማይችል በትክክል ባስወጣ ቁጥር 15,000 ዶላር ያገኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ወይ ያገኘውን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወይ ሁሉንም አስይዞ «ይሄኛው ይችላል» ወይም «አይችልም» ብሎ ለ100,000 ዶላር መቁረጥ ነው። የተሰናበተ ሁሉ ወዲያው ማይኩን ይይዝና እውነቱን ያወጣዋል። አቅራቢው ኬን ጆንግ ነው፤ ሐኪም የነበረው ኮሜዲያን። (ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እሱ ብቅ ባለ ቁጥር «ስንት ዓመት ተምሮ!» ትላለች፣ የራሷ ወንድም ይመስል።)

ማክሰኞ ገበያ የሚሞትበት ቀን ስለሆነ መኪናዬን አቁሜ ከልጄ ጋር ያለፉትን ክፍሎች እያወጣን እናያለን። ሁለታችንም መልሳችንን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል። ካለፉት 11 ማክሰኞዎች 9ኙን እሷ አሸንፋለች።

የሚያናድደኝ መሸነፌ ብቻ አይደለም፤ አሸናነፏ ነው። አትጨነቅም። ሶፋው ላይ ተጋድማ ፈንዲሻዋን ትቆረጥማለች፣ ስልኳን ትነካካለች፣ ድንገት ቀና ትልና «አባቢ፣ ይቺ አትችልም» ትላለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። አለቀ። አትችልም ካለች አትችልም።

እኔ ደግሞ እንደ ወረዳ ዳኛ ነኝ። መጀመሪያ ደረታቸውን አያለሁ፤ ደረተ ሰፊ ይችላል እላለሁ። ቀጥሎ ሥራቸውን እመዝናለሁ። ከንፈር ብቻ የሚያንቀሳቅሱበት ዙር ሲደርስ ቡናዬን አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በጥሞና አዳምጣለሁ። ከዚያ እፈርዳለሁ። ከዚያ ሳህን አጥባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ሰውዬ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ቁርጥ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር። «እዚህ ላይ አንገቴን ለሰይፍ» አልኩ። እውነተኛ ድምፁ ሲወጣ የታነቀ ፍየል ሆነ። ልጄ ከሶፋው ወደቀች።

ጆሮ የለህም እንዳትሉኝ። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ገና ክራሩ ሲነካ እለያለሁ። ታዲያ ምን ላይ ነው የምሳሳተው? የዘፈን ወይም የድምፅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ቀልድ ብቻ ያለውም ይጻፍ፣ ግድ የለም።


ባለ ሱቁ

ወንድሜ ሳህን ማጠቢያ ማሽን ግዛ።


ሴኡል የከረመች

ጋሼ ሰላም። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል፤ ጨዋታው የፎክስ አይደለም፣ የኮሪያ ነው። ኤምኔት የሚባለው የሙዚቃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ነው የጀመረው። የኮሪያ ስሙን ወደ አማርኛ ብናመጣው «ድምፅህ ይታየኛል» እንደማለት ነው። ፎክስ የጀመረው በመስከረም 2020 ነው፤ በዚያው ዓመት የጀርመኑ አርቲኤልም አሳየው፤ በማግስቱ ዓመት የእንግሊዙ ቢቢሲ። ታይላንድና ፊሊፒንስ ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው ነበር የወሰዱት።

ሴኡል ማስተርሴን ስማር የዶርሙ ልጆች ሁሉ ይሄንን ነበር የሚያዩት፤ ኮሪያኛዬን ግማሹን የለመድኩት ከዚህ ነው። እዚያ ቅኝት የማይይዝ ሰው «ኡምቺ» ይባላል። እንግዳው እንደ አሜሪካው ገንዘብ ፈላጊ ተመልካች አይደለም፤ ታዋቂ ዘፋኝ ነው። እሱ ነው ኡምቺዎቹን እየለየ የሚያስወጣው። መጨረሻ የቀረው ሰው ከእሱ ጋር አብሮ ይዘፍናል፤ የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝ ሲጀምር ነው ማን እንደሆነ የሚታወቀው። የሚችል ከሆነ ነጠላ ዜማ ይወጣለታል። ኡምቺ ከሆነ ግን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 5 ሚሊዮን ዎን ይሸለም ነበር። ስለዚህ ኡምቺው አጭበርባሪ ተብሎ አይወቀስም፤ ሥራው ነው። ቢቢሲም ላይ እንዲሁ ነበር፣ 10,000 ፓውንዱ ተሸውደው ካስቀሩት ለማይችለው ይሄድ ነበር።

ለምን እንደምወደው ልንገርዎት። ሁዋንግ ቺዮል የሚባል ዘፋኝ አለ። በ2007 ነው የጀመረው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዓመታት ሌሎችን ድምፅ እያስተማረ ኖረ። 2015 ላይ እዚህ ጨዋታ ላይ «ይችላል ወይስ አይችልም» ከሚባሉት መካከል ቆመ። ዘፈነ። በማግስቱ ዓመት ቻይና ሄዶ በትልቁ የዘፋኞች ውድድር ላይ ስሙ ገነነ። ስምንት ዓመት ማንም ያልሰማውን ድምፅ፣ ድምፁን ደብቀው ስላቀረቡት ሰሙት። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

የእርስዎን ጥያቄ ግን አልመለስኩም። እኔ ራሴ ጥሩ ገማች አይደለሁም። አንድ የማውቀው ነገር፣ እዚያ «ኖሬባንግ» የሚባል በክፍል በክፍል የተሸነሸነ የካራኦኬ ቤት አለ፤ ከፈተና በኋላ ተሰብስበን እንሄዳለን። ከክፍላችን አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሴሚናር ላይ ድምፅዋ ስለማይሰማ ፕሮፌሰሩ ሁለቴ ያስደግማታል። ማይክ ስትይዝ ግድግዳው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲህ በአነጋገር አልፈርድም። በደረት ስፋትም አይፍረዱ።


የማይክ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን እያነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ» ነው ያሉት? ሳህኑን ያሳጠበዎት እሱ ነው።

ሥራዬ ድምፅ ነው። 14 ዓመት ሆነኝ፤ በምሽት ክበብ ጀመርኩ፣ አሁን ሠርግና ኮንሰርት ላይ ነኝ። የዚያን ዙር አሠራር ላስረዳዎት። የሚችለው ሰው ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ አስቀድሞ በቀዳው ድምፅ ላይ ነው። የማይችለው ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ ተሰጥቶት በእሱ ላይ ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ከስፒከሩ የሚወጣው ስድስቱም ጥሩ ዘፈን ነው ማለት ነው! ጆሮዎ ምን ሊለይ ነው? ያ ትዝታን ከባቲ የሚለይ ጆሮ እዚህ ጠላትዎ ነው፤ ጥሩ ድምፅ ይሰማል፣ ያምናል። ልጅዎ ግን ፈንዲሻ ስትቆረጥም የማትሰማውን ያህል ታያለች።

ምን ይዩ መሰለዎት፤ ትንፋሽ። ዘፈን የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል በፊት ነው። ዘፋኝ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት አየር ያስገባል፣ ጎኑ ሲነፋ ያዩታል፣ አፉም ቀድሞ ይከፈታል። የማይችለው ሰው አፉን የሚከፍተው ከቃሉ ጋር እኩል ነው፣ አየር አያስፈልገውማ። ትከሻው ወደ ላይ የሚሄደውን አይመኑት፤ እሱ መተንፈሱን ተነግሮት የመጣ ነው። የለመደ ሰው ትከሻው አይነቃነቅም፣ ከወገብ በላይ ያለው ጎኑ ነው የሚሰፋው። ሸሚዝ የለበሰ ከሆነ የሸሚዙን ቁልፎች ይከታተሉ።

ከንፈሩ ከቃሉ ጋር መግጠሙን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። ም፣ ብ እና ፕ ላይ ከንፈር ይገጥማል፤ ይሄንን ማንም በሁለት ቀን ልምምድ ያስተካክለዋል። መነሻውን ሁሉም ይለማመደዋል። ማብቂያውን ግን የሚያስብበት የለም። ረጅም የተጎተተ ድምፅ ሲመጣ መጨረሻውን ይጠብቁ። ባለቤቱ የት እንደሚያልቅ ሰውነቱ ያውቀዋል፣ ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ስለሆነ። ድምፅ የተዋሰው ሰው ግን ወይ ቀድሞ ይዘጋል፣ ወይ ድምፁ ከሄደ በኋላ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። በዚያ ረጅም ድምፅ መሀል ጉሮሮውንና መንጋጭላውን ካዩት ደግሞ፣ የሚዘፍን ሰው ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ አለች። እሷን መስረቅ ከባድ ነው።

እኛም አገር የፕሌይባክ ነገር፣ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፍ ማንቀሳቀስ፣ የሚታወቅ ነው፤ ስም አልጠራም። አንድ ሠርግ ላይ ዘፋኙ በፕሌይባክ እየሠራ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድምፁ ቀጥ አለ፣ ሰውዬው ግን ሁለት ቃል ያህል አፉን አንቀሳቀሰ፤ በሻማው ብርሃን ሁሉም አየው። መጀመሪያ የሳቀው ሙሽራው ነበር። እኔ ሚክሰሩ ሥር ገባሁ፣ ክፍያ የሚቀርብኝ መስሎኝ።

አሁን እንደዚህ ያድርጉ። ዙሩን አንዴ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፣ ትንፋሽ ብቻ እየፈለጉ። ከዚያ መልሰው በድምፅ ያጫውቱት፣ አሁን ማብቂያዎቹን ብቻ ይዩ። በዚህ ሁሉ እኔም ከስድስት አራት ብይዝ ነው፤ አዘጋጆቹ ሞኝ አይደሉም፣ ካሜራውን ልክ መተንፈሻው ላይ ወደ ዳንሰኛ ያዞሩታል።


ዝምታ

ሁሉም የተጻፈ ድራማ ነው። ዳኞቹም ተወዳዳሪውም መልሱን ያውቁታል። ለዚህ ይሄን ያህል ጽሑፍ!


ሴኡል የከረመች

@ዝምታ ለምን ታየዋለህ ታዲያ?

የማይክ ልጅ ያለው ላይ ልጨምር። ጆሮ ዓይንን ያምናል የሚለውን የሥነ ልቦና ሰዎች በ1976 አሳይተውታል፤ ማክገርክ እና ማክዶናልድ ይባላሉ። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው በከንፈሩ «ጋ» እያለ፣ ድምፁን ቀይረው «ባ» ያስገቡበታል፤ ተመልካቹ የሚሰማው ግን «ዳ» ነው። ማንም ያላለውን! ዓይንህን ስትጨፍን «ባ» ይሆናል፣ ስትገልጥ መልሶ «ዳ»። ብታውቀውም አይለቅህም፤ እኔ ክፍል ውስጥ አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ሌላው፣ የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር ቪዲዮ ለሰዎች አሳይተው ማን እንዳሸነፈ አስገመቱ። ድምፁን ብቻ የሰሙት አልተሳካላቸውም። ድምፁ ተዘግቶ ምስሉን ብቻ ያዩት የተሻለ አገኙት። ባለሙያዎቹ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ! ጥናቱ የቺያ ጁንግ ጻይ ነው፣ 2013። እንግዲህ ጋሼ፣ ልጅዎ ሳይንሱ ከእሷ ጋር ነው።


የሌሊት ሾፌር

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ሬገን ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው ያነበብኩት፤ ሁለት ጥሪ አለፈኝ።

አንድ የደበቅኳችሁ ነገር አለ። ዓይን ተጨፍኖ እንደማይለይ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ራሴ ኡምቺ ነኝ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ጉሮሮዬ ግን የታዘዘውን አይሠራም።

ደሴ፣ 1977 ዓ.ም.። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም 2 ሊከበር ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤት እየጠሩን መዝሙር እንለማመዳለን። 12 ዓመቴ ነው፣ ልክ እንደ ልጄ። መምህሩ በሰልፉ መሀል እያለፈ ጆሮውን ወደየአፋችን ያስጠጋ ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንደገና አለ፣ እንደገና ዘፈንኩ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ፣ ሳይሰድበኝ፣ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለኝ። አባሮኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አላባረረኝም፤ እንዲያውም የፊተኛው መስመር ላይ አቆመኝ። ያኔ ቁመቴ ነው ብዬ ነበር። ያ ዓመት ወሎ ላይ ምን እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የአባቴ ደመወዝ ስላልተቋረጠ ፊቴ ወዝ ነበረው። ከፊት የሚቆም እንደዚያ ዓይነት ልጅ ነበር የሚፈለገው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ፊት ቆሜ አፌን አንቀሳቀስኩ። የማይክ ልጅ፣ ትንፋሹን ያልከው እውነት ነው፤ እኔ አየር ማስገባት ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ማንም ግን አልነቃብኝም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እናቴ ነች። በዓሉ አልቆ ወደ ቤት ስንሄድ ነጠላዋን እያስተካከለች «ከዚያ ሁሉ ልጅ ያንተን ድምፅ ለየሁት» አለችኝ። እንባዋ ቀርቧል። ምን ልበላት? «እንዴት ለየሽው?» አልኳት። «ቀጠን ያለው» አለች።

የማንን ልጅ ድምፅ ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጎኔ የነበረው ልጅ ቀጭን ድምፅ ነበረው፤ እሱ ይሆናል።


የማይክ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ! እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው ነው ስለ ሳህን የጠየቁን?


ፍራንክፈርት ያለሁ

ከጋሼ ታሪክ በኋላ ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ልጻፈው። ከእናንተ ዕድሜዬ ከፍ ይላል መሰለኝ፤ ቦኒ ኤም የሚባለውን የዘፈን ቡድን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ያለ እነሱ ካሴት ልደት አናከብርም ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሰውዬውን፣ የቦቢ ፋሬልን፣ ጭፈራ ለመምሰል ብሎ የእናቴን ቡፌ ብርጭቆ አንኮታኩቷል። ያንን የወፈረ የወንድ ድምፅ እየሰማን፣ ያንን ቀጭን ሰውዬ ፖስተር ላይ እያየን፣ አንዴም «ይሄ ድምፅ ከዚህ ሰው ይወጣል?» ያለ የለም።

እዚህ ጀርመን መጥቼ ነው የሰማሁት። ድምፁ የፕሮዲውሰሩ የፍራንክ ፋሪያን ነበር። ከአራቱ የቡድኑ አባላት ስቱዲዮ ውስጥ የሚዘፍኑት ሁለቱ ሴቶች፣ ሊዝ ሚቸል እና ማርሻ ባሬት ብቻ ነበሩ። ፋሬልና ሌላይቱ ሴት ለዓይን ነው የቆሙት። አያችሁ? አራት ሰው፣ ሁለት ዘፋኝ። ይሄ ጨዋታ ከመፈጠሩ አርባ ዓመት በፊት ቤታችን ውስጥ ነበረ፣ ተሸንፈንበታል ደግሞ።

ይኸው ፋሪያን ነው በኋላ ሚሊ ቫኒሊን የሠራው። ሁለት ቆንጆ ወጣቶች፣ ረጅም ሹሩባ፣ ድምፁ የሌሎች ሰዎች። በ1989 አሜሪካ መድረክ ላይ ቴፑ ነከሰና አንዲት ስንኝ እየደጋገመ ቀረ፤ አንዱ ልጅ መድረኩን ጥሎ ሮጠ። ያም ሆኖ በ1990 መጀመሪያ ግራሚ ወሰዱ፤ ኅዳር ላይ ሽልማቱ ተነጠቀ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በልጆቹ ላይ ነው የወረደው። አሠሪያቸው ሥራውን ቀጠለ። ከሁለቱ አንዱ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ስለዚህ እኔ ጨዋታውን ሳየው የማይችሉትን ነው የምወዳቸው። እውነተኛ ድምፃቸው ሲወጣ አዳራሹ ይስቃል፣ ራሳቸውም ይስቃሉ፣ ጨፍረው ይወርዳሉ። የሚሮጥ የለም።

ጋሼ፣ ለእናትዎ ነግረዋቸው ያውቃሉ?


ባለ ሱቁ

እንዳትነግራቸው።


ሴኡል የከረመች

ይንገሯቸው እንጂ! ደግሞ ጋሼ፣ እርስዎ ትክክለኛ ኡምቺ አይደሉም። ዜማን በጭራሽ መለየት የማይችል ሰው ከመቶ ሁለትም አይሞላም ይላሉ አጥኚዎቹ። ከተቀሩት መዝፈን የማይችሉት ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ናቸው፣ ይሰማሉ፣ ጉሮሯቸው ነው እንቢ የሚለው። መምህሩ ቢታገስዎት ኖሮ የተወሰነ ይሻሻል ነበር።


የሌሊት ሾፌር

ማክሰኞ አለፈ፤ ሪፖርት ላቅርብ።

የማይክ ልጅ እንዳዘዘኝ ድምፁን አጠፋሁት። ልጄ «ተበላሸ?» አለች። ዝም ብለሽ እይ አልኳት። ዓይኔን እንኳን ልጨፍን ማርገብገብም አቆምኩ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ሰፊ ቀሚስ ስለለበሰች ጎኗ አይታይም፤ አለፍኳት። ሁለተኛው ሰውዬ ላይ ያየሁትን ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት። አፉ ከቃሉ በፊት ተከፈተ፣ ሆዱ ላይ ያለው ቁልፍ ወደ ፊት መጣ። «ይሄ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ደረቱ ደግሞ እንደ ልጅ ደረት ጠባብ ነበር፤ በድሮው ፍርዴ መጀመሪያ የሚባረር እሱ ነበር። አራተኛዋ ላይ ካሜራው ልክ እንዳልከው ወደ ጨፋሪዎቹ ዞረ፤ ቴሌቪዥኑን ተሳደብኩ። ከዚያ በድምፅ ደገምነው። አምስተኛው ረጅሙን ድምፅ ጎትቶ ጎትቶ፣ ድምፁ ካለቀ በኋላ አፉ ለጥቂት ተከፍቶ ቀረ። እኔንም ያየሁት መሰለኝ፣ ደሴ፣ ፊተኛው መስመር ላይ።

ሰውዬው ዘፈነ። ይችላል! ባለ ጠባብ ደረቱ። ሶፋው ላይ ቆምኩ፣ በ52 ዓመቴ። አምስተኛው ተበላሸ፣ እንዳልኩት። ስድስተኛዋ ላይ ሁለታችንም ተሸወድን። እኔ ከስድስት አራት፣ ልጄም ከስድስት አራት። በሦስት ወር የመጀመሪያው እኩል።

«እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። ነገርኳት፣ የትንፋሹንም፣ የትምህርት ቤቱንም። የትንፋሹን ትታ የትምህርት ቤቱን ያዘች። «ታዲያ ትንሽ ሆኜ እሹሩሩ ስትለኝ በእውነተኛ ድምፅህ ነበር?» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አውቅ ነበር» ብላ ወደ ፈንዲሻዋ ተመለሰች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሑድ ጠዋት ደሴ ደወልኩ። እናቴ ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ ጮክ ማለት ያስፈልጋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር አስቡት። «እማዬ፣ ያኔ መስከረም 2፣ አብዮት አደባባይ፣ እኔ እኮ አልዘፈንኩም ነበር! አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት!» አልኩ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ዝም በል» አለች። «የወለድኩህ እናትህ ድምፅህን አላውቅም? ቀጠን ያለው ነበር።» ከዚያ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።


ፍራንክፈርት ያለሁ

ወይ እናት!


የማይክ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሳህኑን ታዲያ ማን አጠበው?


የሌሊት ሾፌር

እኔ። እኩል ከሆነ ታላቅ ያጥባል የሚል ሕግ አውጥታለች።